የሚነሣ ጭረት፣ የሚነገር ጭረት



የዛሬው ጽሑፌ ስለ መኪና ቀለም ነው። «ለዚህ ዓምድ የመኪና ቀለም ምኑ ነው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከሌላው ሰው ገንዘብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለውና እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የረገጠ ሰው በዚያ አገር መኪና ምን እንደሚገጥማት ያውቃል። አገሩ ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ በአንድ በኩል ወደ በሽሎ፣ በሌላ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ነው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንኮራኩር ይህን አገር በቀላሉ አልደፈረውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት በኩል አሳልፈው መቅደላ የደረሱት ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸው ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ ቻይናዎች የወረታ–ወልዲያን መንገድ ሠሩ፤ የአገሬው ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ይህ ዋና መንገድ አሁን አስፋልት ለብሷል። ከእርሱ ወደ ገጠሩ የሚገነጠሉት ብዙዎቹ መንገዶች ግን ጠጠርና አፈር ናቸው። በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና የቀጋ እሾህ የመኪናውን ጎን ይልሳል።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በዚህ አገር አሥራ ሰባት ዓመት መኪና ነድተዋል። ቀይ ቶዮታ ሃይሉክስ ነበረቻቸው። ከነፋስ መውጫ ተነሥተው አርብ ገበያ፣ ከዚያም ስማዳ፣ አንዳንዴም በደብረ ታቦር ዞረው እስቴ ድረስ እህል፣ ጨው፣ ጨርቅና ሰው ያመላልሱባት ነበር። እኛ ልጆቻቸው የተማርነው፣ እናታችንም ጎጆዋን ያቆመችው በዚህች መኪና ነው።

አባታችን ወደ አኼራ ሲሄዱ ሁለት ነገር ትተው ሄዱ፤ መኪናዋንና ዕዳ። ዕዳው ሰውን ያስቸገረ አልነበረም። ለሞተርና ለጎማ ብለው ከአንድ የእህል ነጋዴ የወሰዱት ገንዘብ ነው፤ ነጋዴውም አላስጨነቀንም። ሆኖም በሃይማኖታችን ሥርዐት ከቀብር ወጪ ቀጥሎ የሚቀድመው ዕዳ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜ ካለ ተፈጽሞ፣ ከዚያ በኋላ ነው የእናት ስምንተኛ እጅም የልጆች ድርሻም የሚታሰበው። ስለዚህ መኪናዋ መሸጥ ነበረባት። ዋጋዋም ቢያንስ ዕዳውን መሸፈን ነበረበት።

ታዲያ መልኳ ዋጋዋን የሚያወጣ አልነበረም። ቀዩ ቀለም ጣራዋና ሞተር መክደኛዋ ላይ ነጥቶ ሮዝ መስሏል፤ እጅ ሲነካው ዱቄት ይተዋል። ጎኗ በሙሉ የሸረሪት ድር ያደረበት ይመስል በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል። ሞተር መክደኛዋ ላይ ጠለቅ ያሉ ረዣዥም ጭረቶች አሉ። የእነዚህን ታሪክ እናውቀዋለን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ አባቴ መኪናዋን ከጓሮ አስገብተው በገለባና በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀብረዋት ነበር፤ ጭረቱ የዚያን ጊዜ ነው። የቀኝ የኋላ ጎኗ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከገደል ጋር ተጋጭቶ የተቃናና በስቱኮ ተሞልቶ እንደ ገና የተቀባ ነው። ከበሩ ሥር ዝገት ጀምሯታል።

ጥፍር ከያዘና ጥፍር ካልያዘ

የእናቴ ወንድም በደብረ ታቦር ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ ቆርቆሮ ሲያቃኑና ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልከንባቸው መጡ። እኔም መኪናዋን የማጽዳቱን ሥራ ከእርሳቸው ጋር ሁለት ቀን ሠራሁ። የሰማሁትንና በእጄ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ መኪና ላለው ቤተሰብ ይጠቅማልና።

አጎቴ መጀመሪያ ያደረጉት ጥፍራቸውን በየጭረቱ ላይ አሳርፈው በአግድም መጎተት ነበር።

«ጥፍር ካልያዘ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ጥፍር ከያዘ ግን ጨርቅ አይመልሰውም» አሉኝ።

«ካልተመለሰስ ምን ይሆናል?»

«ይቀላል እንጂ አይጠፋም። እርሱን አጠፋለሁ ያለ ሰው ወይ ቀለም ይቀባል፣ ወይ ይዋሻል።»

ነገሩን ለመረዳት ጭረት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለስላሳ ቀለም ብርሃንን እንደ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል። ጭረት ግን ትንሽ ቦይ ነው፤ የቦዩ ግድግዳና ጠርዝ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ነጭ መስመር ሆኖ ይታየናል። ብዙ ሰው ጭረት በቅባት ተሞልቶ የሚጠፋ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጭረትን ማጥፋት ማለት ዙሪያውን ያለውን ቀለም ፈግፍጎ እስከ ቦዩ ወለል ዝቅ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ልክ ማወቅ ይጠቅማል። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ሁሉም ድርብ ተደምሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነውና ይህ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ትንሽ በለጥ ቢል ነው። በዘመናዊ መኪኖች ከላይ ያለው ቀለም የሌለው ግልጽ ድርብ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከአንድ የሰው ፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ መኪናን ማወልወል ከማይሞላ ጎተራ እህል እንደ መቁነን ነው፤ በየጊዜው ትንሽ ይቀነሳል፣ የተቀነሰውም አይመለስም። መኪናዋ አበራች ብሎ በየወሩ የሚፈገፍግ ሰው አንድ ቀን ብረቱን ያገኘዋል።

የቀለሙ መንጣትስ? እርሱ የፀሐይ ሥራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለውና ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ከፍታ ላይ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ቀለምን ይጎዳል። ቀይ ቀለም ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ የሚነጣ ነው።

የሁለት ቀን ሥራ

ሥራው የተጀመረው ጎህ ሲቀድ፣ በቤቱ ጥላ ሥር ነው። ብረቱ በፀሐይ ከሞቀ ቅባቱ ወዲያው ይደርቅና ራሱ ይጭራል። እኅቴ በቢጫ ጀሪካን ውሃ አመላለሰች፤ ውሃ በዚያ ወቅት ቅርብ አይደለም። አጎቴ ሁለት ባልዲ አስቀረቡ። አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ጨርቁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ ነው። አቧራ የያዘ ጨርቅ ወደ ሳሙናው ባልዲ አይመለስም። ከጣራ ተጀምሮ ወደ ታች ይታጠባል፤ ጎማና ጭቃ ያለበት የታችኛው ክፍል መጨረሻ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙናን ለዘወትር አጠባ አይመክሩም፤ ቀደም ብሎ የተቀባ ሰም ካለ ያነሣዋልና። ሰም ለመቀባት ሲዘጋጁ ግን አሮጌው ቢነሣ ጉዳት የለውም ይላሉ።

እዚህ ላይ ለእናንተም ለልጆቻችሁም የሚሆን ምክር አለ። የሸረሪት ድር የሚመስሉት ጭረቶች አብዛኞቹ ከመንገድ የመጡ አይደሉም። የመጡት ከቤት ነው። አቧራ የተኛበትን መኪና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በፎጣ መወልወል፣ ልጆች በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው መጻፋቸው፤ ይህ ሁሉ የአገራችንን የድንጋይ ዱቄት በቀለሙ ላይ መፍጨት ነው። አባቴ በየማለዳው መኪናዋን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ነበር የሚነሡት። ያ ሁሉ ድር ከዚያ የመጣ ነው። ውሃ ከሌለ አቧራውን ከነአቧራው መተው ይሻላል።

ታጥባ በንጹሕ ጥጥ ከደረቀች በኋላ አጎቴ እጃቸውን በስስ ፌስታል ከተው ቀለሙን ዳሰሱ። እኔም ሞከርኩት። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው በፌስታል ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል። በቀለሙ ላይ የተጣበቀ ጥቃቅን ቆሻሻ ነው፤ እርሱ ሳይለቀቅ መፈግፈግ ቢጀመር ጭረት በጭረት ላይ ይሆናል። በብዙ ውሃና በሳሙና እየደጋገምን እያለሰለስን አነሣነው።

ቀጥሎ ጨርቅ። ገበያ የሚሸጠው ለስላሳ ጨርቅ በእጃችን ስላልነበረ እናቴ አሮጌ ነጠላዋን ሰጠችን። በቤጌምድር ንግድና ሽመና የብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች እንጀራ ሆኖ ኖሯልና በቤታችን ጥሩ ጥጥ አይጠፋም። አጎቴ መጀመሪያ ጥለቱን ቀደው ጣሉት፤ «የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት ጨርቅ ቀለም ይጭራል» ብለው። ስፌትና ቁልፍ ያለበት ልብስም እንዲሁ አይሆንም።

ከዚያም በማይታይ ጥግ ትንሽ ሞከሩ። ኮምፓውንድ የሚሉት በውስጡ እጅግ የላመ ፈጪ ዱቄት ያለበት ቅባት ነው። በጨርቁ ጫፍ ትንሽ ነክተው ሲያሹ ጨርቁ ቀይ ሆነ።

«ይህ ማለት ቀለሙ ራሱ ነው ላዩ፤ ግልጽ ድርብ የለውም። ግልጽ ድርብ ያለው መኪና ቢሆን ጨርቁ አይቀላም ነበር» አሉ።

ሥራው ይህን ይመስላል። ሁለት ስንዝር የሚያህል ቦታ ብቻ ይያዛል። ጨርቁ እርጥብ ብሎ ይታጠፋል፤ ቅባቱ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ናት። እጅ በመጀመሪያ ጫን ይልና እየቆየ ይላላል። ከዚያ ይጠረጋል፤ ዓይን ዝቅ ብሎ በአግድም ብርሃን ያያል፤ ካስፈለገ ይደገማል። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፤ መሬት የወደቀ ጨርቅ ተመልሶ አይነሣም። የመኪናው ቀለም ሹል በሆነበት ጠርዝና እጥፋት ላይ ስለሚሳሳ እዚያ እጅ ይከለከላል። በገበያ ላይ ቅባቱ ሲጠፋ አንዳንድ ሾፌሮች የጥርስ ሳሙና ይጠቀማሉ፤ እርሱም ፈጪ ዱቄት ስላለበት ለትንንሽ ጭረት ይሠራል፣ ለጣራ ሙሉ ግን አይሆንም። ጥፍር ለሚይዝ ጭረት በውሃ የራሰ 2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የሚሞክሩ አሉ፤ አጎቴ ግን «ልኩን በእጁ የማያውቅ ሰው አይንካው» ይላሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሞተር መክደኛና ከጣራው ግማሽ አላለፍንም። ትከሻዬ ዛለ። ነገር ግን ከዙሁር በኋላ ስናየው ሮዝ የነበረው ቀይ ሆኗል፤ አባቴ ሲገዟት የነበረው ቀይ። እናቴ ከበር ቆማ አየችና ዝም ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ሰሙ

በሁለተኛው ቀን አክስቴ ከእስቴ ሰም ይዛ መጣች፤ ማሩ ለብርዝ ተጨምቆ የቀረ ንጹሕ የንብ ሰም። «የቤታችን ሰም እያለ የባዕድ ሰም በገንዘብ ለምን ይገዛል?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋነኞቹ የሰም አምራቾች አንዷ ናትና።

መልሱ የሙቀት ጉዳይ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። በፀሐይ የዋለና ከሥሩ ሞተር ያለው መክደኛ ደግሞ እጅ የማያስነካ ትኩስ ነው። የለሰለሰ ሰም አቧራ ይይዛል፤ የተያዘው አቧራ ሲጠረግ ይጭራል። ስለዚህ የመኪና ሰም የሚያዘጋጁት ካርናውባ የሚባለውን ይመርጣሉ። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ሰም ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ዛፉ ሰሙን ያበጀው ቅጠሉ በዚያ ደረቅ አገር ፀሐይ እንዳይደርቅበት ነው። ሱብሐነላህ! በብራዚል ለቅጠል የተሰጠ ልብስ በጋይንት ለመኪና ይሆናል። አክስቴንም ሰሟ እንዳይመለስባት አጎቴ የበሩን ማጠፊያና የጭነቱን ሳንቃ ቀቡበት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ፤ ሰምን ከነዳጅ ጋር ቀላቅሎ በእሳት ላይ ማቅለጥ ቤት ያቃጥላል፤ ማንም አይሞክረው።

ሰም እንደ ኮምፓውንድ አይፈገፈግም። እጅግ በስሱ ይቀባል፤ ወፍራም ቢሆን ጨርቅ ያደክማል እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ጭጋግ እስኪመስል ይተዋል፤ ጣት ሲያልፍበት ሳይለጠፍ ጥርት ካለ ጊዜው ደርሷል፤ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ሰም ጭረትን አያጠፋም። ሥራው ውሃን ማንጠባጠብ፣ የፀሐይንና የአቧራን ጉዳት መቀነስ ነው። ዕድሜውም ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው።

ልብ በሉ። ሰም ጭረትን አያጠፋም፤ ግን ለጊዜው ይሞላውና ይሸሽገዋል። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ደላላው የመጣ ዕለት

መኪናዋ አብርታ በደጅ ቆማ ሳለ አንድ ደላላ መጣ። ዞሮ ዞሮ አያት። «ደኅና ሠርታችኋል፤ ግን ገና ነው» አለ። ምክሩ ይህ ነበር፤ በሞተር መክደኛው ጠለቅ ያሉ ጭረቶች ውስጥ ቀይ የጫማ ቀለም አሽቶ፣ በላዩ ሰም ደርቦ መዝጋት፤ የዛገውን የበር ሥር በስቱኮ ደፍኖ በብሩሽ መቀባት፤ ስለ ኋላው ጎን ደግሞ ካልተጠየቁ አለመናገር። «እስከ ክረምት ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ የገዢው ጣጣ ነው» አለ።

ታናሽ ወንድሜ ምክሩን ጠላው ለማለት አልችልም። ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም።

«ዕዳው የአባታችን ነው። ብሩ ካልሞላ ማን ይከፍለዋል? በዚህች ጭረት ምክንያት አባታችን በዕዳ ይያዙ?» አለ።

ሁላችንም ዝም አልን፤ ጥያቄው ከባድ ነውና። መልስ የሰጠችው እናቴ ናት።

«አባታችሁን ከአንዱ ሰው ዕዳ አውጥታችሁ ከሌላው ሰው ዕዳ እንዳትከቷቸው። የነጋዴውን ገንዘብ ለነጋዴው ስትመልሱ የገዢውን ገንዘብ ከወሰዳችሁ ምን ለወጣችሁ?» አለች።

ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደ መታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገ ጠየቁት፤ ማታለልንም አወገዙ። ሻጩ እህሉን እንዲደፋው አላዘዙትም፣ እንዳይሸጠውም አልከለከሉትም። የጠየቁት እርጥቡ ለምን ከላይ እንዳልሆነ ነው። ፉቀሃዎቻችንም ገዢ ያልተነገረውን ነውር ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው «ኺያሩል ዐይብ» በሚለው ርእስ ጽፈውልናል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ነገሩ የሙስሊም ብቻ አይደለም፤ በአንድ ገበያ የሚገበያይ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ታዲያ መኪናን አሳምሮ መሸጥ ራሱ ማታለል ነውን? አጎቴን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። የሰጡኝ መልስ እስካሁን ልኬ ሆኖ ቀርቷል።

«በድካም የተነሣ ጭረት ተነሥቷል፤ በዝናብ አይመለስም። ስለዚህ ዋጋውን መቀበል ሐላልህ ነው። ያልተነሣውን ግን ብትሸሽገው ዝናብ ያወጣዋል። ዝናብ የሚያወጣውን ነገር አንተ ቀድመህ አውጣው።»

ገዢው

በሚያዝያ ወር ከስማዳ አንድ እህል ነጋዴ መጣ። ማተብ ያሠረ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ነው። መኪናዋን ከሩቅ ሲያያት ዓይኑ በራ። አጎቴ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት።

«በግራ ጎኗ አስኪደው፤ ከዚያ በቀኝ የኋላ ጎኗ» አሉት።

በግራ በኩል ማግኔቱ ጠበቅ ብሎ ያዘ። በቀኝ የኋላ ጎን ግን ላላ፤ አንድ ቦታ ላይ ጨርሶ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ስቱኮ ነውና ማግኔት አይስበውም። ከዚያ የበሩን ሥር ከፍተው ዝገቱን፣ ሞተር መክደኛውን በውሃ አርሰው ያልተነሡትን ጭረቶች አሳዩት።

«አንቱ ሰው፣ ይህን ሁሉ ለምን ያሳዩኛል?» አላቸው።

«ነገ ስማዳ ላይ አይተኸው ከምትረግመን፣ ዛሬ እዚህ አይተኸው ብትከራከረን ይሻላል።»

ተከራከረ እንጂ! ለጎኗ ቀነሰ፣ ለዝገቱም ቀነሰ። ስለ ሞተር መክደኛው ጭረት ግን እንዴት እንደ ደረሰ ሲሰማ ምንም አልቀነሰም። «የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር» ብሎ ዝም አለ። ዋጋው ደላላው ካሰበው ያነሰ፣ መኪናዋ ሳትሠራ በፊት ከተሰጠን ግን የበለጠ ሆነ። ዕዳው ተከፈለ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ለወራሾች የተረፈው ብዙ አልነበረም፤ የእናቴ ስምንተኛ እጅ ሁለት በግ ከመግዛት ብዙም አላለፈም። እርሷም አልተከፋችም፤ ወንድሜ ግን ለጥቂት ጊዜ ተክዞ ነበር። ይህንንም ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ፤ እውነት መናገር ሁልጊዜ ወዲያው በገንዘብ ይካሳል ብዬ ብጽፍ ልክ አይሆንምና።

ክረምት ገብቶ ሰኔና ሐምሌ አለፉ። ገዢው እህል ጭኖ ወደ ነፋስ መውጫ በመጣ ቁጥር ደጃችን ሳይቆም አያልፍም። አንድ ቀን ሰሙን እንዴት እንደሚቀባ አጎቴን ጠይቄ እንዳስረዳው ለመነኝ፤ ጽፌ ሰጠሁት።

ለባለ መኪኖች

ዛሬ አሮጌ መኪና ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መጠበቅና በደኅና ዋጋ መሸጥ የብዙ ቤተሰብ ሐሳብ ሆኗል። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ ልሰብስበው።

ያለ ውሃ አቧራ አትጥረጉ። በጥላ እጠቡ፣ በሁለት ባልዲ እጠቡ። ጥፍር የማይዘውን ጭረት በትዕግሥትና በለስላሳ ጥጥ አንሡ፤ ነገር ግን ቀለሙ እንደሚያልቅ አትርሱና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አትፈግፍጉ። ሰምን በየጥቂት ወሩ በስሱ ቀቡ፤ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊትና የበጋው ፀሐይ ከመበርታቱ በፊት። ልጆቻችሁም ይርዷችሁ፤ ሥራው ከጉልበት ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መኪና ስትገዙ ደግሞ በቀትር አትዩ። ማለዳ ወይም ማታ፣ ብርሃኑ አግድም ሲመጣ፣ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ውሃ ቢረጭበት ቅር ይለው እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት። ስትሸጡም ያንኑ ማግኔት ለገዢው ስጡት።

አላህ በገንዘባችን በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።